ካፊያን የገዛው ሰው

የሬድዋን ካሴት ደብረ ታቦር የገባው በኅዳር አንድ ቅዳሜ፣ ገበሬው ገብሱን አስገብቶ ለልብስ መግዣ ወደ ገበያ መውጣት በጀመረበት ሰሞን ነበር። አባቱ አብዱ የጨርቅ ነጋዴ ነው። በዚያን ዕለት ረፋድ ላይ ከባንኮኒው ኋላ ቆሞ ከጉና ሥር ለመጣች አንዲት ሴት አቡጀዲ ሲለካ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የሙዚቃ ቤት ባለቤት ባዩ ሞንታርቦውን ጎትቶ ደጃፉ ላይ አቆመና ተጣራ።

«ጋሽ አብዱ! ይስሙልኝማ! ይኸ የማን ድምፅ ነው?»

አብዱ ሜትሩን እንደያዘ ቀና አለ። መጀመሪያ ዝግ ያለ ጊታር መጣ፤ ቀጥሎ የሰው ድምፅ። ልጁ ነው። ሬድዋን አዲስ አበባ ከገባ ጀምሮ በየሆቴሉ ጊታር እንደሚጫወት፣ አንድ አሳታሚ አግኝቶ ስቱዲዮ እንደገባም አብዱ ሰምቷል። ደስ ብሎት ግን አያውቅም። ከጁምዓ ሶላት ሲወጡ ሰው ስለ ልጁ ከጠየቀው «ሥራ ይዟል፣ አልሃምዱሊላህ» ብሎ ወሬውን ይቀይር ነበር። አሁን ያንን ድምፅ በገበያ መሐል ሲሰማው ደረቱን ሞቅ አለውና ፊቱን ለመደበቅ ወደ ጨርቁ አጎነበሰ።

«ምነው ይኸ ልጅ፣ አሞታል እንዴ?» አለች ሴትዮዋ።

«የለም፣ ደህና ነው።»

«እንዴት ነው ታዲያ የሚዘፍን? ከበሮ የለው፣ ጭብጨባ የለው። ልቅሶ ቤት ያለ ነው የሚመስል።»

ካሴቱ «ካፊያ» ይባላል። እንዲህ ያለ ለስላሳ ሮክ በዚያ አገር የሚያውቀው ሰው አልነበረም። የሠርግ ዘፈን አይደለም፣ የትዝታ ዘፈንም አይደለም፤ ሬድዋን አጠገቡ ለተቀመጠ አንድ ሰው የሚያወራ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር የሚያዜመው። የመጀመሪያዎቹ ዘፈኖች እስኪያልፉ አብዱ እየለካም እየቀደደም ሰማ። ቀጣዩ ሲጀምር ግን መቀሱ ጨርቁ መሐል ቆመ።

*ዝናብ ነው እያልኩኝ ጆሮዬን ደፈንኩ፣*
*ወንድሜ ከደጅ ሆኖ ሲጠራኝ ዝም አልኩ።*

አብዱ ሌላ ወንድ ልጅም ነበረው። የሬድዋን ታላቅ ነው፤ ነስሩ ይባላል። ነስሩ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወድቆ ከመናኸሪያው ልጆች ጋር መዋል ባበዛበት ክረምት፣ እናቱ ራቢያ እህቷ ሞታባት እብናት ለቅሶ ሄዳ ሳለች፣ አብዱ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ የሚመጣ ልጅ በዚህ ቤት አያድርም ብሎ በሩን ቆለፈና ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ነስሩ በዝናብ መጣ። አንኳኳ። መጀመሪያ አባቱን ተጣራ፤ አባቱ ዝም ሲለው ታናሽ ወንድሙን ተጣራ። «ከተነሳህ አንተም አብረኸው ትወጣለህ» አለው አብዱ ሬድዋንን። ትንሽ ቆይቶ ጥሪው ጠፋ። በማግስቱ ነስሩ ከጓደኞቹ ጋር ለዘመቻ ተመዘገበ፤ እናቱ ከእብናት ሳትመለስ በወታደር መኪና ተጭኖ ሄደ። ድንበሩ ላይ ጦርነቱ የተፋፋመበት ጊዜ ነበር። በዓመቱ መርዶው መጣ።

ስለዚያ ዝናብና ስለዚያ በር ለራቢያ የነገራት ሰው የለም። «የጓደኛ ወኔ ነው የወሰደው» ነው ያላት አብዱ። እሷም አመነች። ለቅሶ የመጣ ሰው ሁሉ ሲጠይቃት «ሳይሰናበተኝ ሄደብኝ፣ የእኔ ልጅ ቸኩሎ» ትል ነበር። የሆነውን የሚያውቁ በሕይወት ያሉ ሰዎች አብዱና ሬድዋን ብቻ ናቸው። አሁን ደግሞ ሞንታርቦው ለገበያው ሁሉ እየተናገረው ነው።

ሴትዮዋን አሰናብቶ መንገዱን ተሻገረ።

«ባዩ፣ እስቲ አጥፋው።»

«ምነው ጋሼ? አልወደዱትም?»

«ራቢያ የልጁን ድምፅ ከሰማች ናፍቆቱ ያማታል። በሞንታርቦ አታጫውተው። አደራህን።»

ባዩ ደግ ሰው ነው። የእናት ሆድ ይገባዋል። ወዲያው አጠፋው። አብዱ ግን አልሄደም። ባንኮኒው ላይ የተደረደሩትን ካሴቶች ተመለከተ፤ ሽፋናቸው ላይ ሬድዋን ጊታሩን አቅፎ ወደ ጎን ይመለከታል።

«ስንቱ ነው የመጣልህ?»

«አንድ ካርቶን። ይሸጣል ብዬ ነው።»

«ሁሉንም ስጠኝ። ለዘመድ የምልከው ነው፤ ለእብናትም፣ ለአንበሳሜም።»

ባዩ ሳቀ፤ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው። «አባት ማለት እንዲህ ነው! እኔ እኮ በልጅዎ የተከፉ ይመስለኝ ነበር።»

አብዱ ካርቶኑን ተሸክሞ ከሱቁ ጀርባ ወዳለው መጋዘን አስገባና ከከፋይ ጣቃዎቹ ኋላ አስቀመጠው። በዚያው ያለቀ መሰለው። ነገር ግን ባዩ ነጋዴ ነው፤ ዕቃ በአንድ ቀን ካለቀለት ሌላ ያዝዛል። በሁለተኛው ሳምንት ከባሕር ዳር አከፋፋይ ተጨማሪ አስመጣ። አብዱ ያንንም ወሰደ። ሦስተኛም መጣ። አብዱ እየሄደ ሲወስድ፣ ባዩም «ደግሞ ለማን ይሆን?» ብሎ አይጠይቅም፤ የአብዱ ዘመድ ብዙ መሆኑን አገር ያውቀዋል።

ራቢያ አንድ ቀን ምሳ እያቀረበች «ምነው ለእኔስ አንድ ካሴት አላመጡልኝም?» አለችው። ከተጋቡ ጀምሮ አንቱ ነው የምትለው።

«አልቋል አለ ባዩ።»

«አልቋል?»

«ገና ሳይደረደር ነው የሚያልቀው።»

ራቢያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ቆየች። «ያ አላህ፣ የኔ ልጅ! ለእኔስ ይቅርብኝ፣ ሰው ይስማው» አለች። አብዱ እንጀራውን ጠቅልሎ ያዘ እንጂ አልጎረሰውም።

ታኅሣሥ ሲጋመስ የሱቁ ስልክ ጮኸ። ሬድዋን ነው።

«አባባ! ደብረ ታቦር ምን እየሆነ እንደሆነ ሰምተዋል?»

«ምን ሆነ?»

«ካሴቴ እኮ! ልንገርዎ፣ ሌላ ቦታ የሚገዛው ጠፍቶ ነበር። ደሴ አልሄደም፣ ጅማ አልሄደም፣ አዲስ አበባ ራሱ ሱቆቹ መልሱልን ብለው ነበር። ሬድዮ ላይ አንዱ ጋዜጠኛ ሕፃን ማስተኛ ነው ብሎ ቀለደብኝ። አሳታሚው ከገበያ ላነሳው ነው ሲለኝ የባሕር ዳሩ አከፋፋይ ደወለ። ደብረ ታቦር የሚላከው አልበቃ አለ ይላል። አባባ፣ የኔ አገር ሰው ገባው!»

አብዱ የስልኩን እጀታ ከጆሮው ትንሽ አራቀው። መንገዱ ላይ አህዮች የገብስ ጭድ ጭነው ያልፋሉ።

«አባባ፣ አሉ?»

«አለሁ።»

«አሳታሚው እንደገና ሊያሳትመው ነው። በጥር ደግሞ እዚያ መጥቼ እንድጫወት አዳራሽ ተከራይቷል። እማማን ይሳሙልኝ።»

በዚያ ሰዓት ሊነግረው ይችል ነበር። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታትም እየደጋገመ ያሰበው ይህንኑ ነው፤ አንድ ቃል ተናግሮ ቢሆን ነገሩ እዚያው በስልኩ ያልቅ ነበር። ነገር ግን የልጁ ድምፅ ውስጥ ነስሩ ከሞተ ወዲህ ሰምቶት የማያውቅ ደስታ ነበረና «ኢንሻአላህ» ብሎ ዘጋው።

ጥር ገባ። ፖስተሩ በየግድግዳው ተለጠፈ። አብዱ ጭንቀቱ ሲበረታበት ከመጋዘኑ ጥቂት ካሴቶች አወጣና ወደ ባዩ ወስዶ «ትርፍ ሆነውብኝ ነው፤ እስቲ ሽጣቸው፣ አጫውታቸውም፤ የናፍቆቱን ነገር ተወው» አለው። የዝግጅቱ ቀን ሳይደርስ ሰው ዘፈኖቹን ቢለምዳቸው ብሎ ነው። ራቢያ በዚያ ሳምንት የዘመድ ድግስ ስታግዝ ስለምትውል ወደ ገበያ እንደማትወጣ አውቋል። ባዩ አጫወተ። ወሩ የሠርግ ነው፤ ሙዚቃ ቤቱ ከጧት እስከ ማታ ሰው አይጠፋበትም። አብዱ ከማዶ ሆኖ ጆሮውን ጣለ።

«ባዩ፣ ይኸን ቀይረው እስቲ፤ ትከሻ የሚነቀንቅ ነገር አድርግ» አለ አንዱ።

«የከተማችን ልጅ እኮ ነው።»

«ይሁና። እንቅልፌን አመጣው።»

አንድ ተማሪ ሽፋኑን አገላብጦ አየና መለሰው። ሌላዋ ልጅ ግን እስከ መጨረሻው ቆማ ሰማች፤ ልትገዛም ቦርሳዋን ከፈተች፤ ከዚያ ጓደኞቿ ጠሯትና ሄደች። አብዱ ያችን ልጅ ሲያስባት ከረመ። ኅዳር ላይ ዝም ብሎ ቢተወው ኖሮ እንደሷ ያሉ ስንት ይገኙ ነበር? ወይስ አንድም አይገኝም ነበር? አሁን ማንም ሊያውቀው አይችልም።

ሬድዋን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ደረሰ፤ አንዱ ከበሮ መቺ ነው፣ አንዱ ባለ ቤዝ ጊታር። ጓደኞቹ ሆቴል ያዙ፤ እሱ ቤት አደረ። ከስቷል፣ ጸጉሩን አሳድጓል። ራቢያ እየዞረች ትስመዋለች። እራት ላይ ወሬው ሁሉ የእሱ ነበር።

«አንድ ትልቅ ባንድ ጊታሪስት ፈልጎ ጠርቶኝ ነበር» አለ። «ዱባይ ሄዶ የሚጫወት፣ ቋሚ ደሞዝ ያለው። እምቢ አልኳቸው።»

«ምነው?» አለ አብዱ።

«የራሴን ሙዚቃ የሚሰማ ሰው ካለኝ የሰው ማጀብ ምን ያደርግልኛል? ሁለተኛውን ካሴት ጀምሬያለሁ። ደብረ ታቦር ባይገዛልኝ ኖሮ ግን ሄጄ ነበር።»

«ቦታው አሁንም አለ?»

«ሌላ ሰው ወሰዱ እኮ አባባ። አለፈ።»

አብዱ ውኃ ጠጣ።

በማግስቱ ጧት ሬድዋን «እስቲ ወደ ጋፋት እንውጣ፤ በእግር መሄድ ናፍቆኛል» አለውና አባትና ልጅ ወጡ። ሌሊቱ ውርጭ ጥሎ ስለነበር የእግር መንገዱ ዳር ያለው ሣር ገና ነጭ ነው። ገበሬዎች አውድማ ላይ በሬ እየነዱ ጤፍ ያበራያሉ። አብዱ ሱቁን ለጎረቤት ሰጥቶ የመጣው ሊነግረው ቆርጦ ነበር። አንዴ ጉሮሮውን ጠረገ። ሬድዋን ቀደመው።

«የነስሩን ዘፈን ሰምተዋታል?»

«ሰምቻለሁ።»

«ሰው ካሴቱን የገዛው ለእሷ ብሎ ይመስለኛል። ከዚህ ከተማ ስንት ልጅ ነው የሄደው! ሁሉም ቤት አንድ ሰው አለ።»

አብዱ ቆመ። «እናትህስ?»

«አልሰማሁም አለችኝ፣ ካሴቱ አልቆ። ነገ ትስማው።»

«ያችን ዘፈን ነገ ብትተዋት ምን ይመስልሃል?»

ሬድዋን ዞሮ አየው። የተቆጣ አይመስልም፤ የደነገጠ ነው የሚመስለው። «እሷን ከተውኩማ ምን ልዘፍን መጣሁ?» አለ ቀስ ብሎ። «ስንት ዓመት ስሙን በቤታችን አንስተን አናውቅም፣ አባባ። እኔ ሌላ የማነሳበት ቦታ የለኝም።»

ሊነግረው የመጣውን ነገር ሳይነግረው ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ግን ሌላ ነገር አደረገ። የመግቢያ ትኬት የሚሸጠው ባዩ ነበርና ሄዶ ከትኬቱ ብዙውን ገዛ፤ ገበያው ሳይበተን ጨርቅ ለሚገዛው ሰው ሁሉ እያደለ «ነገ አዳራሹ ውስጥ የልጄ ዘፈን አለ፣ እንዳትቀር» አለ። ከእጁ የማይወስድ አልነበረም። ብዙዎቹ ዘፈኑ ምን ዓይነት እንደሆነ አልጠየቁም፤ ዘፈን ከተባለ ያው ዘፈን ነው።

እሑድ ከዙሁር ሶላት በኋላ የከተማው መሰብሰቢያ አዳራሽ ከግማሽ በላይ ሞላ። ከገጠር የመጡት ዱላቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ተቀምጠዋል። ከኋላ ተማሪዎች አሉ። ራቢያ አዲሱን ሻርፗን ለብሳ ከፊት ወንበር ከአብዱ ጎን ተቀመጠች። ሬድዋን መድረኩ ላይ ወጥቶ ያንን ሁሉ ሰው ሲያይ ፊቱ በራ። አብዱ ያንን ፊት ማየት አቅቶት ወደ ራቢያ ዞረ።

የመጀመሪያው ዘፈን በጸጥታ አለቀ። ጭብጨባ ነበረ፤ የእንግዳ ጭብጨባ። በሁለተኛው ላይ ሰው ማውራት ጀመረ። ሦስተኛው የካሴቱ መጠሪያ የሆነው «ካፊያ» ነበር። ሬድዋን ጊታሩን እየመታ ወደ ጠርዙ ቀረበና ፈገግ ብሎ «ይህቺን እንኳ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቋታላችሁ። እስቲ አብራችሁኝ በሉ» አለ። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ዘፈኑን አቁሞ ማይክሮፎኑን ወደ ሕዝቡ ዘረጋ።

አዳራሹ ውስጥ ከሳል በቀር ድምፅ አልነበረም።

ከበሮ መቺው ምቱን ሳያቋርጥ ቀጠለ። ሬድዋን ማይክሮፎኑን እንደዘረጋ ትንሽ ቆየ፤ አልሰሙኝ ይሆናል ብሎ መሰለው፤ እንደገና አዝማቹን አዜመና እንደገና ዘረጋ። አንድ ሽማግሌ ከመሐል «በል እንግዲህ አንተው በለው፣ እኛ አናውቀው» አሉት። ሰው ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። «ሞቅ አድርጋት! እስክስታ የላትም?» አለ ሌላው ከኋላ። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ፤ ቀጥሎ ከሩቅ የመጡት መንገድ ሳይመሽባቸው ተነሱ። ሬድዋን ዓይኑን ወደ ጊታሩ አወረደ። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡን አላየም።

የነስሩ ዘፈን ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ የቀረው ሰው ጥቂት ነበር። አብዱ በዚያን ሰዓት ሰው ምን ይለኛል ብሎ ዞር ዞር አለ። ማንም እሱን አያየውም። አንዱ ትንባሆውን ይፈልጋል፣ ሌሎቹ ስለ በሬ ገበያ ይንሾካሾካሉ። ከተማው ይሰማዋል ብሎ የፈራውን ቃል ከተማው እየሰማ አይደለም። ሲሰማ የነበረ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሷም አጠገቡ ተቀምጣለች። ራቢያ አላለቀሰችም። ሻርፗን በሁለት እጇ ጨብጣ ወደ ልጇ አፍ አፍጥጣ ቀረች።

ሲያልቅ ተነስታ ወደ ቤት ሄደች። አብዱ ወደ ሱቁ ሄደ። እሑድ ነበርና መንገዱ ጭር ብሏል። ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ሲጠብቅ ሬድዋን መጣ። ጊታሩን አልያዘም።

«ባዩን ጠየቅሁት» አለ። «ማን ማን ነው የገዛው? ብዬ ጠየቅሁት። ለዘመድ የላኩት አንቱ ነዎት አለኝ። አንቱን እንዳመሰግን መከረኝ።» ባንኮኒውን ተደግፎ አባቱን አየ። «ለየትኛው ዘመድ ነው አባባ?»

አብዱ ተነስቶ የመጋዘኑን በር ከፈተለት። የከፋይ ጣቃዎቹን ወደ ጎን ገፋ። ካርቶኖቹ እንደመጡ ተደርድረዋል፤ አብዛኞቹ አልተከፈቱም። ሬድዋን በሩ ላይ ቆሞ አያቸው። እጁን ዘርግቶ የአንዱን ካርቶን አቧራ ጠረገ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም ባይሆን ብዙው።»

«ለምን?»

«እናትህ እንዳትሰማ ብዬ ነው። በሩን መዝጋቴን። ከሰሰኸኝ ብዬ።»

ሬድዋን እጁ ላይ የቀረውን አቧራ አራገፈ። «አንቱ ዘፈኑ ውስጥ የሉም» አለ። «አልሰሙትም እንዴ? ስለ አንቱ አንድ ቃል የለበትም። የጠራው እኔን ነበር፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። መስኮቱ እኮ ክፍት ነበር አባባ፣ እጄን እንኳ ላሳየው እችል ነበር። እኔ የራሴን ነው የዘፈንኩት።»

አብዱ ጣቃው ላይ ተቀመጠ።

«ባይገዙት ኖሮ አይሸጥም ነበር» ቀጠለ ሬድዋን። «እንደ ደሴ፣ እንደ ጅማ ይሆን ነበር። እኔም አልሸጥ ማለቱን አውቄ፣ አዝኜ፣ ከባንዱ ጋር እሄድ ነበር። ወይም ደግሞ ይሸጥ ነበር፤ ማን ያውቃል? አሁን የቱን ብዬ ልዘን?»

«ልጄ…»

«ተዉት።»

ማታ ወደ ቤት ሲገቡ ራቢያ ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። ልጇን አላየችውም፤ ባሏን ነው የተመለከተችው።

«በሩን የዘጋኸው አንተ ነህ?» አለችው።

አንተ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። አብዱ መልስ ከመስጠቱ በፊት ያንን ቃል ሰማው፤ ጆሮው ውስጥ እንደቀረ «አዎ» አላት።

«እኔ እብናት ሆኜ?»

«አዎ።»

«እኔ ደግሞ ሳይሰናበተኝ ሄደ እያልኩ ልጄን ስከስሰው ኖርኩ» አለች። ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። አንቱ ወደሚለው ቃል ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም፤ ሰው ባለበት ስሙን ሳትጠራ ታናግረዋለች፤ ሰው በሌለበት አታናግረውም።

ሬድዋን በማግስቱ ጧት ጓደኞቹን ይዞ ተሳፈረ። አሳታሚው ለሁለተኛ ጊዜ ያሳተመው «ካፊያ» አዲስ አበባ ተከምሮ ቀረ፤ ሁለተኛው ካሴት የሚባለውም ነገር ተሰረዘ። ሬድዋን ለጥቂት ጊዜ በሆቴሎች ተጫወተ፤ ኋላ የሚቀጥረው ሲያጣ ወረታ ወርዶ ከአንድ የአጎቱ ልጅ ጋር የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ላይ ሥራ ጀመረ። ወፍጮው ከተነሳ ሰው ከሰው አይደማመጥም፤ በእጅ ምልክት ነው የሚግባቡት። አብዱ አንድ ጊዜ ሊጠይቀው ሄዶ ነበር። ልጁ ብናኝ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ አገኘው። ሻይ ጋበዘው፤ ተሳስመው ተለያዩ።

በመጋዘኑ ያሉትን ካሴቶች አብዱ እንደገና ለባዩ መለሰለት። «እንደሚሆን አድርጋቸው» አለው። ባዩ ሊሸጣቸው ሞከረ፤ የሚነካቸው ጠፋ። በመጨረሻ ባዶ ካሴት ሲወደድበት እነሱኑ እያወጣ የሠርግ ዘፈን ይቀዳባቸው ጀመር። አብዱን አስፈቅዶ ነው፤ አብዱም እሺ አለ። በሁለት ሠርግ ወራት ውስጥ የሬድዋን ፎቶ ያለበት ሽፋን ከእብናት እስከ አንበሳሜ በየቤቱ ገባ፤ ውስጡ ግን ሌላ ሰው ነበር።

አንድ ጥር አብዱ ጨርቅ ይዞ አንበሳሜ ሄዶ ሳለ አንድ የቆየ ደንበኛው የልጁ ሠርግ ላይ ጠራው። ለሙስሊም እንግዶች የተለየ ዳስ ተጥሎ፣ የተለየ ከብት ታርዶ ነበር። ከወዲያኛው ዳስ ቴፑ ይጮኻል፤ ወጣቱ ትከሻውን ይነቀንቃል። ዘፈኑ አለቀና ቴፑ ዝም አለ። ትንሽ ቆይቶ፣ የተቀዳው ሠርግ ሳይደርስበት በቀረው የካሴቱ ጫፍ ላይ፣ አንድ ጊታር መጣ። ቀስ ያለ ነው። ድምፅም ተከተለው፤ ስለ አንዲት ባሕር ዳር ስላለች ልጅ የሚዘፍን፣ አብዱ ደህና አድርጎ ሰምቶት የማያውቀው ዘፈን።

ተነስቶ ወደዚያኛው ዳስ ሄደ። ቴፑን የሚያንቀሳቅሰው ጎረምሳ ክዳኑን ሊከፍት እጁን ልኳል።

«ተወው እስቲ ትንሽ» አለው አብዱ።

«ጋሼ፣ ይኸ እኮ ሳይጠፋ የቀረ አሮጌ ነገር ነው።»

«ገልብጠው እንጂ! ሙሽራው ቆመ!» አለ ከመሐል አንዱ።

ጎረምሳው ካሴቱን አውጥቶ ገለበጠው። ከበሮው ተነሳ። አብዱ ባለ ሠርጉን መርቆ፣ ጨርቁን ጭኖ በመጨረሻው መኪና ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። ለራቢያ አልነገራትም። ሬድዋን ለኢድ ሲመጣም አልነገረውም። ሩዝ ዘንድሮ እንዴት ነው ብሎ ጠየቀው፤ ልጁም ዝናቡ ዘግይቶ ስለገባ ያን ያህል አይደለም አለው።